ሰማንያ ግራ እጅጌ

ስቆጣ እጮኻለሁ፤ አልዋሽም። ግን ከእኔ ቀድሞ መቀሴ ይጮኻል። ይህንንም ያወቅኩት ራሴ አይደለሁም፣ እንፋሎት የምንለው ልብስ ተኳሻችን ነው የነገረኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ጨርቅ ስቆርጥ የገዛ መቀሴን ድምፅ አንድ ቀን ልብ ብዬ ሰምቼው አላውቅም። እሱ ግን ጥግ ላይ ከካውያው ጀርባ ቆሞ ሁሉን ይሰማል። "ደህና ስትሆኚ መቀስሽ ረጋ ብሎ ነው የሚሄደው። ሲከፋሽ ደግሞ ክች ክች ክች ይላል፣ እንደ ነገረኛ ጎረቤት" ይለኛል።

የስፌት ቤታችን አንድ ረጅም ክፍል ነው። መንገዱን በሚያዩት ሁለት መስኮቶች ሥር አራት የስፌት መኪናዎች ተደርድረዋል፤ መሀል ላይ የእኔ የመቁረጫ ጠረጴዛ አለ፤ በሩ አጠገብ ደግሞ የባለቤቷ ትንሽ ጠረጴዛ ከነስልኩ ተቀምጧል። ባለቤቷን ሜትር እንላታለን፣ መለኪያው ሜትር ከአንገቷ ወርዶ ስለማያውቅ። ስትተኛም አታወልቀውም እያልን እናማታለን። ቤቱን የከፈቱት እናቷ ናቸው። እሷ ያደገችው እኔ ጠረጴዛ ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀመች አሻንጉሊት ስታለብስ ነው፤ ዛሬ አለቃዬ ሆናም "እታለም" ነው የምትለኝ። ሌሎቹ ምላጭ ይሉኛል። ምክንያቱን ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።

በራችን ጀርባ አንድ ትልቅ ሚስማር አለ። እናትየው ናቸው የመቱት። ጨርቅ ያበላሸ ሰው ያበላሸውን በገዛ እጁ እዚያ ላይ ይሰቅላል፤ ሌላ ሰው ሌላ ነገር እስኪያበላሽ ድረስም የወጣ የገባው ሁሉ ይስቅበታል። እንፋሎት ጀርባው ላይ የካውያ ቅርጽ የተቃጠለበት ሸሚዝ ሰቅሏል። ቁመቷ ጣሪያ ሊነካ ምንም ያልቀረው ሰፊያችን ቀጭኔ ሁለቱ እግሮቹ አንድ ላይ የተሰፉ ሱሪ ሰቅላለች። ሜትር ራሷ እንኳን ወገቡ ለሁለት ሰው የሚበቃ ቀሚስ ሰቅላ ስድስት ወር ተስቆባታል። እኔ ግን በሃያ ሰባት ዓመት አንዲት ክር አልሰቀልኩም። "ሚስማሩ እኔን አያውቀኝም" እያልኩ እጎርር ነበር። አፌን ያዝ ባደርገው ምን ነበረበት!

ነገሩ የጀመረው ከሰባት ወር በፊት ነው። ሁለተኛዋ ቆራጫችን ወልዳ ቤቷ ቀረች፤ መንታ ነው የወለደችው፣ እሰይ። ሜትር "እታለም፣ ሌላ ሰው እስክናገኝ የእሷንም ትይዢልኛለሽ?" አለችኝ።

"እሺ" አልኩ።

እናቴ 'እሺ ይበልጣል ከሺ' እያለች ነው ያሳደገችኝ። እኔም እሺ ማለት አይከብደኝም፤ የሚከብደኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጨርቅ መቀበሉንም እሺ። የተሰፋውን መፈተሹንም እሺ። ደንበኛ ሲቆጣ ማብረዱንም እሺ፤ እኔ ምላጯ፣ ሰው ላበርድ! ሜትር ከጠረጴዛዋ ብድግ ትልና "እታለም፣ አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ" እያለች ትመጣለች። በቀን አሥር ጊዜ አንዲት ትንሽ ነገር። ትንሽ ነገር ተደራርባ ተራራ እንደምታህል ማን በነገረኝ።

ከዚያ ሰውነቴ ማጉረምረም ጀመረ። ጠዋት ስነሳ መንጋጋዬን ያመኛል። ባለቤቴ ሰዓት ጠጋኝ ነው፣ ጆሮው ጥቃቅን ድምፅ አያልፈውም። አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ "አንቺ ሴት፣ በእንቅልፍሽ ጥርስሽን ስታፋጪ ታድሪያለሽ። ጥርሱ ያለቀ ሰዓት መጠገን እችላለሁ፣ ጥርሷ ያለቀ ሚስት ግን አልችልም" አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ዕለት "ሰዓትህን ጠግን!" ብዬው በሩን ድርግም አድርጌ ወጣሁ። ሥራ ቦታ ደግሞ ቀጭኔ በስፌት መኪናዋ ላይ ስታንጎራጉር "ዝም በይ፣ ጆሮዬን በላሽው" አልኳት። ስድስት ዓመት ሙሉ ያንጎራጎረች ልጅ ናት፤ ወድጄላት ነው የኖርኩት።

ይሄ ሁሉ ምንም አልነበረም። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጠመኔ አንስቼ መስመር ላሰምር ስል ቀኝ እጄ ተንቀጠቀጠ። መስመሩ እንደ ትል ተጠማዘዘ። ክው አልኩ። ቶሎ ብዬ በእጄ ጠረግኩትና ማንም እንዳላየኝ ዙሪያዬን ቃኘሁ።

ለምን እንደደነገጥኩ ልንገራችሁ። እናቴ ጥልፍ ጠላፊ ነበረች፤ እንደሷ አበባ የሚጠልፍ በሰፈሩ አልነበረም። እኔ አሁን ባለሁበት ዕድሜ ላይ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ትደብቅ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን አሠሪዋ "በቃ፣ እቤትሽ ዕረፊ" አለቻት። እናቴ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ስትኖር ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ አንዱን በሌላው ይዛ፣ መስኮት መስኮት ስታይ ኖረች። እና እኔ የፈራሁት ሞትን አይደለም፤ ያንን መስኮት ነው። ሜትር ካወቀች ጠረጴዛዬን ትወስዳለች፣ ያለ ጠረጴዛዬ ደግሞ እኔ ማን ነኝ? ስለዚህ ደበቅኩ። እጄ ሲንቀጠቀጥ ጨርቅ ሥር እከተዋለሁ፤ ስፒል የምፈልግ እመስላለሁ። አራት ወር ሙሉ ስፒል ስፈልግ ከረምኩ።

ከዚያ የነርሶቹ ጋዋን መጣ። አርባ ጋዋን፣ ረጅም እጅጌ፣ ለሆስፒታል አዲስ ክፍል፣ ለዓርብ። ጨርቁ ልክ በልኩ ነው የመጣው፤ ትርፍ የለውም።

እዚህ ላይ አንድ የሥራችንን ነገር ልንገራችሁ። ጨርቁ ፊትና ጀርባ አለው፤ ፊቱ ለስላሳ ነው፣ ጀርባው ደብዛዛ። እጅጌ ሲቆረጥ ጨርቁ ፊት ለፊት ተገናኝቶ ነው የሚደረበው፤ ያኔ አንዱ ግራ አንዱ ቀኝ ሆኖ ይወጣል። ሁሉንም ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ከደረባችሁት ግን የሚወጣው ሁሉ የአንድ ወገን ነው። ይህ የጀማሪ ስህተት ነው። ማንኛውም ልብስ ሰፊ በመጀመሪያ ዓመቱ አንዴ ይሠራውና እስኪሞት አይደግመውም።

ረቡዕ ጠዋት ጨርቁን መደረብ ጀመርኩ። "እታለም፣ አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ።" ሄድኩ፣ መጣሁ። ስልክ ጮኸ፤ አንዲት ደንበኛ ቁልፉ ጠበበኝ ትላለች። አበረድኳት፣ እኔው ግን ነደድኩ። እንደገና ደረብኩ። "እታለም..." አሁንም ሄድኩ። ተመልሼ ስመጣ ሰዓቱ ረፍዷል። ጥርሴን ነክሼ፣ ትከሻዬን ጆሮዬ ድረስ ሰቅዬ፣ ክች ክች ክች አድርጌ ቆረጥኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። ለእኔ ግን የምለቅመው እንኳን አልተረፈኝም።

ከምሳ በኋላ ቀጭኔ እጅጌዎቹን ልታያይዝ ወሰደች። ትንሽ ቆይቶ የስፌት መኪናዋ ቆመ። አንዱን እጅጌ አነሳች፤ አገላበጠችው። ሌላውን አነሳች።

"ምላጭ፣ ይሄ ግራ ነው።"

"እና ቀኙን አንሺያ!"

"ይሄም ግራ ነው።" ሌላ አነሳች። "ይሄም።" እንደገና አነሳች። "ምላጭ... ሁሉም ግራ ነው።"

የእንፋሎት ካውያ እንኳን መተንፈሱን ያቆመ መሰለኝ። ሄጄ ራሴ ቆጠርኳቸው፤ ሰማንያ እጅጌ፣ ሰማንያውም ግራ። አንድ ሐኪም ቤት ሙሉ ቀኝ እጅ የሌላቸው ነርሶች! ሌላ ሰው ቢሠራው ሆዴን ይዤ ነበር የምስቀው። እኔ ግን እጅጌውን እንደያዝኩ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ጨርቁም አብሮት ተርገፈገፈ። እጄን የምደብቅበት ጨርቅ አልነበረም። ሁሉም አዩኝ። ሜትርም አየችኝ።

"ምን ሆነሽ ነው?" አለች።

"እጄ ታሟል" አልኩ። "ከታመመ አራት ወር ሆኖታል። እንግዲህ የፈለግሽውን አድርጊ።" ይህን የተናገርኩት በቁጣ ነው፤ እንባዬ ሲመጣ እቆጣለሁ፣ ተፈጥሮዬ ነው።

እንፋሎት ካውያውን አቆመና ወንበር አምጥቶ አስቀመጠኝ። በዚያ ጠረጴዛ በሃያ ሰባት ዓመት ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ከዚያ ከእጅጌዎቹ አንዱን አንስቶ ዘረጋው። "ሰፊ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው" አለ። "የቀኙን የመቁረጫ ወረቀት ከላይ አራት ጣት ዝቅ አድርጋችሁ ብታስቀምጡት ከሰማንያው አርባ ቀኝ ይወጣል። አጠር ያለ እጅጌ ይሆናል እንጂ ይወጣል። የቀረውን አርባ ግራም እንደሱ ማሳጠር ነው።"

ሜትር ስልኩን አነሳችና ለነርሶቹ አለቃ ደወለች። የሴትየዋ ድምፅ ከስልኩ እስከ ጠረጴዛዬ ይሰማ ነበር፦ "አጭር ቢሆንማ እሰየው! ረጅሙን እኮ ቀኑን ሙሉ ስንጠቀልለው ነው የምንውለው። ደግሞስ ማነው ረጅም ይሁን ያለው?"

ቀጭኔ ሳቋ አመለጣት። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ሜትር ወደኔ እየመጣች ነበርና።

"መቀሱን አስቀምጪውና ነገ ታከሚ" አለችኝ። "ጋዋኑን ቀጭኔ ትቆርጠዋለች።"

ይኸው መጣ፣ አልኩ በልቤ። ይኸው መስኮቱ።

በማግሥቱ ሐኪም ዘንድ ስገባ ልጄን የምታህል ሴት ናት። እጅዎን ይዘርጉ፣ ይሰብስቡ፣ አፍንጫዎን ይንኩ፣ ይሄን ጽሑፍ ይጻፉ ስትለኝ ቆየች፤ ደም ወሰደች፤ መንጋጋዬን ዳሰሰች። ከዚያ ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና "እናቴ፣ መቼ መቼ ነው የሚብስብዎት?" አለችኝ።

"ሁልጊዜ ነዋ!"

"እስቲ ረጋ ብለው ያስቡት።"

አሰብኩት። እቤት ሽንኩርት ስከትፍ? ኧረ የለም። ባለፈው እሁድ የእህቴን ልጅ ቀሚስ ቆርጬላታለሁ፤ ሐር ነው፣ ያንሸራትታል፣ ግን እጄ ዝም ብሎ ነበር። እንዲያውም አንጎራጉሬ ነበር። ማክሰኞ? አዎ። ረቡዕ? አዎ። ስልክ ሲጮህ፣ ሰው ከኋላዬ ሲቆም፣ እሺ ካልኩ በኋላ። አንድ በአንድ ስነግራት ራሴው አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

"ውጤቱን እናያለን፣ ግን ጭንቀት ይመስለኛል፤ የሥራ ጭንቀት" አለች።

"ጭንቀት? እኔ? ጭንቀት የሥራ ፈት በሽታ ነው!"

ሳቀች። "እጅዎ ግን እየጮኸ ነው፣ እናቴ። ጥርስዎም፣ ትከሻዎም። እርስዎ ናቸው ያልሰሙት።"

ከዚያ የቤት ሥራ ሰጠችኝ። ጥርሴን ነክሼ ወይም ትከሻዬን ሰቅዬ ራሴን ባገኘሁ ቁጥር ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አንድ የጠመኔ መስመር ላሰምር። ካሰመርኩ በኋላ ትከሻዬን አውርጄ ሦስት ጊዜ በረጅሙ ላስተነፍስ። ከምሳ በኋላ ደግሞ ሩብ ሰዓት ወጥቼ በእግሬ ልዙር። "ይኸው ነው?" አልኳት። እንዲህ ያለ ነገር ለማዘዝ ሰባት ዓመት ትማራለች ወይ ብዬ ነበር። ደጅ ስወጣ ግን ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ስለ እኔ አልነበረም። የእናቴ ሕመም ሌላ ሊሆን ይችላል፤ አላውቅም። ግን መቼ ነው የሚብስብሽ ብሎ የጠየቃት አንድም ሰው አልነበረም። እኔም ልጇ ሆኜ አልጠየቅኳትም።

ሥራ ቦታ የገባሁት ፈራ ተባ እያልኩ ነው። ቀጭኔ ጠረጴዛዬ ላይ ጎንበስ ብላ ትቆርጣለች። ግን በራሷ መቀስ ነበር። የእኔ መቀስ ትናንት ካስቀመጥኩበት ንቅንቅ አላለም፤ አቧራ እንዳይነካው በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኗል። ሜትር ናት የሸፈነችው። አንጀቴን በላችው። ሄጄም ሐኪሟ ያለችኝን ሁሉ ነገርኳት፣ አንድም ሳላስቀር።

"እና ጠረጴዛሽን የምወስድብሽ መስሎሽ ነበር?" አለችኝ። "እታለም፣ እዚህ ጠረጴዛ ሥር እኮ ነው ያደግኩት።"

ጋዋኖቹ ዓርብ ሄዱ። ከሰኞ ጀምሮ የቤት ሥራዬን ያዝኩ። የመጀመሪያው ቀን ሠላሳ አንድ መስመር። አፈርኩ፤ የስፌት ቤት ሳይሆን የእስር ቤት ግድግዳ ነበር የሚመስለው። በሦስተኛው ቀን ነገሩን ላጣራው ብዬ ሁለት ጠመኔ ያዝኩ፤ ሜትር ስትጠራኝ የሚመጣውን በሰማያዊ፣ ሌላውን በነጭ። ሐሙስ ሜትር ወደ ጠረጴዛዬ መጥታ "እታለም፣ አንዲት ትንሽ..." ካለች በኋላ ዓይኗ ጠርዙ ላይ ቀረ።

"ይሄ ሰማያዊው ምንድን ነው?"

"አንቺ ነሽ።"

"ይሄ ሁሉ?"

"ይሄ የዛሬው ብቻ ነው።"

ጥግ ላይ እንፋሎት ካውያውን ድንገት ተፍ ተፍ አደረገው፤ ሳቁን ለመሸፈን ነው። እኔም ፍርድ እንዳይጎድል "ነጩ ደግሞ እኔ ራሴ ነኝ" አልኳት። እውነቴን ነው። ከነጩ የሚበዛው የቀጭኔን ስፌት በትከሻዋ አልፌ ስመለከት፣ ያልተጠየቅኩትን እሺ ስል የመጣ ነበር። ማንም በግድ አልጫነብኝም።

ከዚያ ወዲህ ሜትር ትንሽ ነገሮቿን በሩ አጠገብ በለጠፍነው ወረቀት ላይ ትጽፋለች፤ እኔ ጠዋትና ከሰዓት ሁለት ጊዜ ሄጄ አያቸዋለሁ። ግማሾቹ እስክደርስ ራሳቸው ያልቃሉ፤ ጉድ እኮ ነው። ቀላል ቀላሉን ቀጭኔ ትቆርጣለች፣ እያንጎራጎረች። ስልክ ላይ የሚቆጣ ደንበኛ ወደ እንፋሎት ይሄዳል፤ እሱ እንኳን ሰው ሸራም ያለሰልሳል። ከምሳ በኋላ ሰፈሩን እዞራለሁ፤ ለካ ከስፌት ቤታችን ሦስተኛው ሱቅ አበባ መሸጥ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል! የደሙ ውጤት ደህና ሆኖ መጣ። እጄ አንዳንዴ አሁንም ይነሳበታል፤ ያኔ "ምን አልክ?" እለውና መቀሱን አስቀምጣለሁ። በወሩ መስመሮቼ ወደ ስድስት ወረዱ። ባለቤቴም አንድ ጠዋት "ሰዓቷ መንቋቋቷን አቆመች" አለኝ። ያን ቀን በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት።

ሚስማሩን አልረሳሁትም። ከተቆረጡት እጅጌዎች ሰማንያ ጫፍ ተርፎ ነበር። አንዱን ይዤ ወደ በሩ ሄድኩና ሁሉም እያየ በገዛ እጄ ሰቀልኩት። "እንኳን ከሰው ተራ ገባሽ!" አለ እንፋሎት፤ ቀጭኔ አጨበጨበች። ያን ያህል ዓመት ሚስማሩ አያውቀኝም እያልኩ ስጎርር ለካ እጅግ ደክሞኝ ኖሯል። አሁን በገባሁ በወጣሁ ቁጥር አየዋለሁና ፈገግ እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሜትር ዕቃ ልትቀበል ወጣ ስትል ስልኳ ጮኸና ላነሳላት ሄድኩ። ጠረጴዛዋ ጠርዝ ላይ፣ ከስልኩ ሥር፣ መስመሮች አየሁ። በጠመኔ፣ ደቃቅ፣ ማንም እንዳያያቸው ወደ ውስጥ የተሰመሩ። ቆጠርኳቸው። አርባ ሦስት ነበሩ፣ ገና ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ያ ሁሉ ትንሽ ነገር ከየት ይመጣ እንደነበር ያኔ ገባኝ፤ ከእሷ ላይ የተረፈው ነበር ወደኔ የሚንጠባጠበው። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ጊዜ ሰማያዊውን ብቻ ነበር ያየሁት።

ስትመለስ ወንበር ሳብኩላት። እጄን ዘርግቼ ያንን ሜትር ከአንገቷ አወጣሁትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አንገቷ ላይ ቀይ መስመር ሠርቶባታል።

"እታለም፣ ምን ሆነሻል? ሥራ አለብኝ እኮ" አለችኝ።

"ይቆያል" አልኳት። ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ጠረጴዛ ሥር አሻንጉሊት ስታለብስ የነበረችው ልጅ ናት፤ ዓይኗ አልተለወጠም። "እስቲ ረጋ ብለሽ አስቢና ንገሪኝ፤ መቼ መቼ ነው የሚብስብሽ?"